ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ዕጩ

ሰኞ፣ ግንቦት 10

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቢሮው ጠርቶ፣ «አጥራችሁ አንድ ነው። ምን አየህ?» አለኝ።

የሚጠይቀኝ ስለ ጎረቤቴ ስለ ኦቦ ገመቹ ነው። የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ምርጡን የድንች ዘር ለአምቦ ዙሪያ ገበሬ ያዳረሰው እሱ ነው። አሁን ለብሔራዊ ሸንጎ ዕጩ ሆኖ ተጠቁሟል። ከልብስ ሰፊው ከታደሰ ጋር በአንድ ቤት መኖር ከጀመረ አሥር ዓመት አለፈው። ሁለቱም ሚስት የላቸውም። ከተማው ያውቃል፤ ከጥቆማው በፊት ግን አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም።

«ምንም አላየሁም» አልኩ። ዋሸሁ።

«ቅዳሜ በስብሰባው ላይ እንሰማሃለን» ብሎ አሰናበተኝ።

ማክሰኞ

በምሠራበት ጤና ጣቢያ የበሽተኛ ቁስል ሳጥብ ዋልኩ። ወረፋው ላይ ሌላ ወሬ የለም። አንድ ሽማግሌ፣ «ድንች ያስተምረን፣ እሺ። አዲስ አበባ ገብቶ በኛ ስም ይቀመጥ ነው የምትሉት?» አሉ። ቅቤ ነጋዴዋ ድንቄ ክንዷን እየጠቀለልኩላት፣ «የኔ ባል ሚስት አለችው። ምን ረባኝ?» አለች። ሁሉም ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ አየሁ። ለገመቹ እጁን የሚያወጣ ከመካከላቸው አልታየኝም።

ረቡዕ

ታደሰ ሰላምታዬን አልመለሰም። ሊቀመንበሩ ጋ መግባቴን ሰምቷል። ማን ነገረው? የሚያውቁት የቢሮው ጸሐፊና ባለቤቴ ብቻ ናቸው። ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«አሁን ደግሞ እኔን መጠርጠር ጀመርክ?»

ጸሐፊው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ገመቹ ራሱ አጥሩ ጋ መጣ። «አካም ቡልቴ» ብሎ እንደወትሮው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለኝ። ከዕጩነቱ ራሱን እንዲያገልል መከርኩት።

«ብተወው ፈራ ይላሉ። ፈርቼማ ኖሬያለሁ» አለ። ከዚያ፣ «ከጠየቁህ ያየኸውን ተናገር፤ አልቀየምህም።»

ወጥመድ መሰለኝ። እውነቱን ብናገር እሱ ይታሰራል። ብዋሽና ቢደረስብኝ እኔ።

ዓርብ

አሞኛል ብዬ ልቀር አሰብኩ። ስብሰባ መቅረት ግን ራሱ ያስጠይቃል።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እንደተለመደው ዕጩዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ማን እጁን እንዳወጣላቸው እንዳያዩ ነው። ከቆጠራው በፊት ሊቀመንበሩ፣ «ስለ ጓድ ገመቹ አስተያየት ያለው ጎረቤት ካለ» አለና ወደ እኔ ተመለከተ። ተነሳሁ።

ገመቹ ከግድግዳው ዞረ። «እሱን አታስጨንቁት። ከታደሰ ጋር እንደ ባልና ሚስት ነው የምንኖረው። ሥራዬን ታውቃላችሁ። እንደፈለጋችሁ አድርጉ» ብሎ ተመልሶ ፊቱን አዞረ።

አንዱ ከኋላ፣ «ሙሽራውን ጥሩልን» አለ። እኔ ተቀመጥኩ። ቆጠራ ሆነ። ዘጠኝ እጅ ወጣለት፤ አንዱ የድንቄ ነው፣ የተጠቀለለው ክንዷ። የኔ እጅ ከጉልበቴ ላይ አልተነሳም።

እሑድ

ገመቹን ለነገ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ጠርተውታል። ቢሆንም አጥሩ ጋ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

«ዘጠኝ ነበር አሉኝ። ያንተን እጅ አልረሳውም» አለ።

«ምን አደረግኩ» አልኩት። ትሕትና መሰለው።

ታደሰ ከበሩ ላይ ሸሚዝ እያጠፈ ያየናል። ትናንት እሱ ከኋላዬ ነበር የተቀመጠው። ያየውን እስካሁን አልነገረውም።