«ይባላል» ራሱ ማን ይባላል?

ለተከበሩ መምህር ሀብተሚካኤል፣
በአል-ሳሃፋ የማኅበራችን የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ይህ ደብዳቤ በተለጠፈበት በር ለሚገባና ለሚወጣ ሁሉ

ሰፈሩ በሙሉ ኡስታዝ እያለ የሚያከብርዎ መምህር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የካርቱም አቧራ ደረትዎን እንዳልነካብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ጉሮሮዎን ይጠብቅልን፤ ከእርስዎ ጉሮሮ የወጣ ነገር ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ሳይሳፈር ካርቱም ሁለት ሰፈር ድረስ ይደርሳልና።

እኔ ከኋላ ወንበር የምቀመጠው ተማሪዎ ቢረሳው ማዘንጊያ ነኝ። ዕድሜዬን በመኪና መጠገኛ ወርሻ የጨረስኩ፣ ፊደልም ከሸበትኩ በኋላ የቆጠርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ግድፈት ካገኙብኝ በቀይ ያርሙልኝ። እኔም የመጣሁት የእርስዎን ለማረም ነው።

አንደኛ፦ እኔ በቀረሁበት ምሽት ስላስተማሩት ትምህርት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ትምህርቱ ሰው ወሬን ከማን እንደሰማ ሳይናገር የሚያወራበት የእንግሊዝኛ ብልሃት ነው፤ ፓሲቭ ቮይስ ይሉታል። ቮይስ ድምፅ ማለት ከሆነ፣ ይህ እንግዲህ አፍ የሌለው ድምፅ መሆኑ ነው። እንግሊዝ ይህን ሁሉ አገር እንዴት እንደገዛ አሁን ገባኝ። ምሳሌ የሚሆን ሰው ሲያስፈልግዎ አንዱ ተነስቶ «ቢረሳውማ ሽቶ ተቀብቶ ኦምዱርማን ሲሄድ አይቼዋለሁ» ቢልዎት ጊዜ፣ እርስዎም ሳይሰስቱ «ሚስተር ቢረሳው ኢዝ ሴድ ቱ ሃቭ ኤ ዉማን ኢን ኦምዱርማን» ብለው በሰሌዳው ላይ ጻፉ። አቶ ቢረሳው ኦምዱርማን ውስጥ ሴት አለቻቸው ይባላል ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ። ሰዋስው እንዲህ ተወዶ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ ስለ ተማሪዎችዎ ጉብዝና አመሰግናለሁ። አብራኝ የምትማረው ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘሊካ የቤት ሥራዋን በማግስቱ ሠርታ ጨረሰች፤ ካርቱም ሁለት ለምትኖረው ልጄ ለዮሳቤጥ ደውላ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ዓረብኛ እየገለበጠች አደረሰችላት። ዕቃ ሲጓጓዝ ይጎድላል፤ ወሬ ግን ሲጓጓዝ ይወፍራል፤ ከሰሌዳው ሴት ሆና የተነሳችው ልጄ ጆሮ ስትደርስ ሙሽራ ሆነች። ልጄ እዚሁ የተወለደች ናትና አማርኛዋም እንደ አገሩ ነው፤ ስልኩን አንስታ «ያቡይ፣ ዓሪስ ሆንክ ጋሉ! መብሩክ!» አለችኝ። አባዬ፣ ሙሽራ ሆንክ አሉ፣ እንኳን ደስ አለህ ማለቷ ነው። «ሚኑ ጋል? ማን አለ?» ብላት «ሰው ሁሉ! እማዬን እንዲህ ቶሎ ረሳሃት?» ብላ ዘጋችብኝ። ዓርብ ዓርብ ሙላህ የሚሉትን የሱዳን ወጥ ሠርታ፣ ሳህኑን በፎጣ ሸፍና ነበር የምትመጣው። ያ ዓርብ አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። እኔ አሁን ፉልና ዳቦ እየበላሁ ሰዋስው አጠናለሁ።

ሦስተኛ፦ እቤትዎ ድረስ መጥቼ ብጠይቅዎ «አባባ፣ ምሳሌ እኮ ነው! ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው» ብለው ሻይ ጋብዘው ሸኙኝ። ስለ ሻዩ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ዓረፍተ ነገሩም ልክ ነዎት፤ አለችኝ። ኦምዱርማን ውስጥ ሴት አለችኝ። ስሟ ወለተማርያም ይባላል፤ ይህን «ይባላል» ያጠመቃት ቄስም፣ ያገባኋት እኔም እንመሰክርለታለን። በክርስቲያኖቹ መቃብር ከግንቡ ጥግ ተኝታለች። ትምህርት የቀረሁበት ዕለት ሙት ዓመቷ ነበር። ሽቶ መቀባቴም እውነት ነው፤ በሕይወት ሳለች ከወርሻ ስመለስ «ዘይት ዘይት እየሸተትክ አጠገቤ እንዳትቀመጥ» ትለኝ ነበርና፣ ዛሬም ሳልታጠብና ሳልቀባ አልሄድባትም።

ታዲያ ለምን ይህንኑ ለልጅህ አትነግራትም ይሉኝ ይሆናል። መምህር ሆይ፣ እኔ አባት ነኝ። እናቷን ከመቃብር ምስክር ጠርቼ በገዛ ልጄ ፊት አልከራከርም። ያላጠፋ ሰው ለማስተባበል አይዞርም፤ የሚዞረው ወሬውን ያለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አራተኛ ነጥብ ነበረኝ፤ ስለ ወይዘሮ ዘሊካ ነበር። ግን ጎረቤት ናት፣ ጨውም እንበዳደራለን፤ ትቼዋለሁ።

ይልቅ አንድ ነገር ያስረዱኝ። ሱዳኖቹ «ጋሉ» ሲሉ «ሚኑ ጋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኛም «አሉ» ስንል፣ ያሉት ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ ተፈልገው ይገኛሉ፣ ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ፣ ይምላሉ ወይም ያፍራሉ። የእርስዎን «ኢዝ ሴድ» ግን የት ልክሰሰው? ቤቱ በየትኛው መንገድ ነው? አባቱስ ማን ይባላል? ሰፈሩን በሙሉ ዞሬ ሁሉም ሰማሁ አለኝ እንጂ አልኩ ያለኝ አንድ ሰው አጣሁ። ይህን ያህል የተማረ አነጋገር ለእኔ ቢጤው ስለማይገባኝ፣ በሚቀጥለው ትምህርት ያንን ዓረፍተ ነገር በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው እጅዎ፣ ከነአፉ እንዲጽፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ፦ «ይህን ያልኩት እኔ ሀብተሚካኤል ነኝ፤ አላውቅም ነበር።» ለእንግሊዝኛው አይጨነቁ፤ አማርኛው ይበቃኛል።

ዕውቀትዎ እንደ አባይ ይብዛ፣ ምሳሌዎ እንደ በረሃ ዝናብ ይነስ እያልኩ፣ ከጉልበቴ ዝቅ፣ ከአንገቴ ግን ቀና ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የራሴ ስም መርሳት፣ የአባቴ ስም ማስረሳት ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ነገር ያልረሳሁት፣
ቢረሳው ማዘንጊያ
(በገዛ እጄ የተጻፈ)

ይድረስ ተጨማሪ፦ የቀረሁበትን ትምህርት ከሰው ደብተር ገልብጬ ጨርሻለሁ። ለካ «ይባላል» ብቻ አይደለም፤ «ይጠበቃል» የሚባልም አለበት። ልምምዴን ይኸው፣ ያርሙልኝ፦ መምህር ሀብተሚካኤል በመጪው ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ካርቱም ሁለት ልጄ ቤት ሄደው፣ ያሉትን አልኩ ብለው፣ እሷን ከነሙላህዋ ይዘውልኝ እንደሚመጡ ይጠበቃል። ማን ነው የሚጠብቀው ብለው እንዳይቸገሩ ደግሞ አፉን ልጨምርበት፤ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ፣ በርዎ ላይ፣ ከዘራዬን ይዤ።