አንቴናው ከሁሉ የረዘመው ሬዲዮ

ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ አይይሽ። ሁላችንም ደህና ነን፤ አባትሽን ብቻ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል። (እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ትናገራለች፣ እኔ ታናሽሽ እጽፋለሁ። ቅንፍ ውስጥ ያለው የራሴ ነው፤ እሷ አታውቅም።)

እዚያ አገር በሬዲዮ በቋንቋችን ማውራት ከጀመርሽ ወዲህ፣ ድምፅሽን ሳልሰማ እቀራለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር። አባትሽ ሱቅ ሄዶ አንቴናው ከሁሉ የረዘመውን ሬዲዮ መረጠ። ሻጩ፣ «አባባ፣ ይሄ ሩቅ አገር የሚይዘው በኢንተርኔት ነው» ቢለው፣ «እኔ ሬዲዮ ስከፍት አንተ መች ተወለድክ!» አለው።

እሁድ ዝግጅትሽ ሊጀምር ሲል ጣራ ላይ ወጥቶ ከአንቴናው ጋር የቀጠለውን ሽቦ ያዞራል። (የጉልበቱ ነገር ከዚህ የመጣ ነው።)

«አሁንስ?» ይላል ከላይ።

«ምንም!» እላለሁ ከታች።

በኋላ መነጽሬን አድርጌ ባየው፣ ሬዲዮው ለካ የቤታችንን ዋይፋይ የይለፍ ቃል ነው የሚጠይቀው። እሱ ደግሞ የተወለድሽበት ቀን ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል? በአንድ ጣቴ አስገባሁ፣ ጣቢያሽን ፈልጌ ተጫንኩ፤ አንቺ ከች! እልልታዬን አቀለጥኩት።

አባትሽ ከጣራው ላይ፣ «አላልኩም? በቃ፣ ማንም ሽቦዬን እንዳይነካ!» (እስካሁን ማንም አልነካውም፤ ልብስ እናሰጣበታለን።)

ድምፅሽ ሻከር ብሏል፣ አንገትሽን ሸፍኚ። አንደበትሽ ይባረክ፣ ሰሚ አያሳጣሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ «እንደምን ዋላችሁ» ካልሽ በኋላ ትንሽ ቆም በይ። አባትሽ ብድግ ብሎ ስለሚመልስልሽ፣ ቀጥሎ ያልሽው ያመልጠናል።

(እኔም እመልሳለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ።)