ባዶዎቹ ካሬዎች

ጉለሌ፣ ጥቅምት ፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የምጽዋ ሙቀት ያልለመደውን ሰው ይጥላል ሲሉ እሰማለሁ፤ በርትተሻል ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴንም የጎዳው አርባ ዓመት የተሸከምኩት ድንጋይ ነውና ማንንም አልከስም። «ልጄ» ብዬ መጀመሬ ያስገርምሽ ይሆናል። በሦስት ወረቀት ላይ ሌላ አጀማመር ሞክሬ ነበር፤ አንዱም ቀጥ አላለልኝም። እንዳለ ይቀመጥ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ያንን የወደብ ሠራተኛ፣ ያንን እስላም አግብቻለሁ ብለሽ ስትጽፊልኝ «ከእንግዲህ አባት የለሽም» ብዬ እንደመለስኩልሽ ታስታውሻለሽ። ዛሬ ስለዚያ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ እናትሽ ነው፤ ደግሞም ያልገባኝ ነገር ስለ በዛ ነው።

እናትሽ በሐምሌ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ወደቀች። አትደንግጪ፤ በሕይወት አለች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ። ሐኪሙ ደም ወደ ራሷ ወጥቶ ነው አለ። አሁን ትበላለች፣ ሰው ትለያለች፣ ትስቃለችም። የቀራት ቃል ግን አንድ ብቻ ነው፤ «ውሃ» ትላለች።

እኔም ውሃ አቀርባለሁ። ኩባያውን በግራ እጇ ገፋ ታደርግና እንደገና «ውሃ»። ቀዝቅዞባት ይሆናል ብዬ ለብ አደርገዋለሁ፤ ትገፋዋለች። ከእንጦጦ ጠበል አስመጣሁላት፤ አማተበች፣ ጠጣች፣ አፏን ጠረገችና «ውሃ» አለችኝ። አንድ ወር ሙሉ ኩባያ ተሸክሜ ስመላለስ ከረምኩ። ጣቷ ወደ ሣጥኗ ይጠቁም እንደ ነበር ያስተዋልኩት በነሐሴ ነው።

ሣጥኑን ከፈትኩ። ከነጠላዋ ሥር እኩሌታው የተሠራ የኪሮሽ ሥራ አገኘሁ፤ መርፌው እንኳ አልወጣም። ከሱ ጋር አንድ ድቡልቡል ሰማያዊ ክር፣ አንድ ነጭ፣ ከሒሳብ ደብተር የተቀደደ ባለካሬ ወረቀትም አለ። አንዲት ፊደል የለበትም። ካሬዎቹ ገሚሶቹ በሰማያዊ እርሳስ ተቀብተዋል፤ ገሚሶቹ ባዶ ናቸው። የቀቢው እጅ ግራ መሆኑን ሳይ ያንቺ መሆኑን ዐወቅሁ። እናትሽን ይህ ምንድን ነው አልኳት። «ውሃ» አለችኝ።

በወረቀቱ ላይ፣ በሰማያዊው መካከል፣ ነጭ አውሬ አለ። እግር የለውም። አፉ ሾጠጥ ያለ፣ ጀርባው ላይ እንደ ማረሻ ጫፍ ያለ ነገር የበቀለበት ነው። ጎረቤታችን ቶለሳ አገላብጦ አየና እግሩን የተቆረጠ ከርከሮ ነው አለ። እኔ ዮናስን የዋጠው ነው አልኩት። «ታዲያ ዮናስ የት አለ?» አለኝ። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት፣ ከኔ ደብቃ፣ የባሕር አውሬ ለምን ትሠራለች? ነገሩ ጨርሶ አልገባኝም።

ታዲያ እናትሽ መርፌውን እጄ ላይ አኖረችው። ልጄ፣ ግንበኛ ነኝ፤ የሴት ሥራ ነው ብዬ መልሼ ጣልኩት። እሷም መልሳ አኖረችው። ሦስት ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ድንጋይ የደረደረ እጅ ክር መደርደር አያቅተውም ብዬ ተቀመጥኩ። ክሩ በየትኛው ቀለበት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በአንድ እጇ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ አለ፤ ማንበብ እኔ ዐውቃለሁ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ እያንዳንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ነጩ ክር የማያስፈልግበት ቦታ ስደርስ ለምን ይንጠለጠላል ብዬ ቆረጥኩት። በሳምንቱ የአውሬው ጀርባ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መሰለ። ፈታሁት። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ማበጠሪያ ሆነ።

የእናትሽን ወዳጅ ሩቅያን ታውቂያታለሽ፤ ሽሮ ሜዳ ክር የምትሸጠውን። ሥራውን በጋቢዬ ሸፍኜ ወሰድኩላት። ገልጣ ስታየው የሱቋን መቃን ይዛ ሳቀች። «ጋሽ ግንበኛ፣ ይህን ምስኪን ማን እንዲህ ገረፈው?» አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ አስረዳችኝ፤ ሥራው ጫፍ በደረሰ ቁጥር ይገለበጣል፣ ወረቀቱ ግን አይገለበጥም። ስለዚህ «አንዱን መስመር እኔ ቁርዓን እንደምቀራው ከቀኝ ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ያለውን እርስዎ ዳዊት እንደሚደግሙት ከግራ። በርስዎ በኩል ብቻ እየሄዱ ሥዕል አይወጣዎትም» አለች። ነጩንም ክር ለምን ቆረጡት ብላ ተቆጣችኝ። የማይታየው ክር ከሚታየው ውስጥ ተሸፍኖ አብሮ ይሄዳል፤ ሲፈለግ እዚያው ይገኛል። ከተቆረጠ ግን ቀዳዳ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ትክክል ነበረች። ንባብ ሳስተምርሽ መስመሩን ከቀኝ ጫፍ በጀመርሽ ቁጥር ጣትሽን በማስመሪያ እመታሽ ነበር። እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የገዛ ጣቴን ሳይ ትዝ አለኝ።

ወረቀቱ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኋት። በኔ ሱቅ በኩል ነው አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ወሬሽ በሷ በኩል ነበር የሚመጣው። ለምን ፊደል የለበትም ብላት ደግሞ በኀዘኔታ አየችኝና «እናቷ የማታነበውን ለምን ትጽፍላት? በምታነበው ጻፈችላት» አለችኝ።

የቤታችን ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፌ ለብቻዬ ፊደል ስቆጥር፣ እናትሽ ከኋላዬ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ ነይ ቁጠሪ አላልኳትም። አሁን እሷ ያነበበችውን ወረቀት እኔ ማንበብ አቃተኝ።

በሩቅያ ብልሃት አውሬው መልክ እየያዘ ሄደ። በመስከረም ጀርባውን ጨርሼ ወደ ላይ ወጣሁ። እዚያ ሌላ ችግር ገጠመኝ። ከአውሬው በላይ፣ ሰማያዊ ብቻ መሆን በሚገባው ቦታ፣ ጥቂት ካሬዎች ሳይቀቡ ቀርተዋል። ሰነፍሽ መሰለኝ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው ድሮም አልወድም። እርሳስ አውጥቼ ሞላኋቸው፣ በክሩም ሰማያዊ አድርጌ አለፍኳቸው።

እናትሽ ያን ለት ካሬዎቹን መሙላቴን አይታ ጨርቁን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጫፉን በጥርሷ ይዛ፣ በግራ እጇ እየጎተተች፣ የአራት ቀን ሥራዬን ተረተረችው። ከዚያ እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አኖረችው። ሆዷን አሟት መሰለኝ፤ ተነሥቼ ዳማከሴ ልፈልግ ስል በጋቢዬ ጎትታ አስቀረችኝ። እጄን መልሳ ሆዷ ላይ አደረገች። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። እኔ መቼም ግራ ገባኝ፤ አእምሮዋንም ነካት እንዴ ብዬ ፈራሁ።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ወደ ይገዙ ሄድኩ። ይገዙ ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበረ ነው፤ አሁን እዚህ ማኪና ይነዳል። ገና ሲያየው «ዶልፊን ነዋ፣ አባባ፤ መርከባችንን እየተከተለ ይዘል ነበር» አለ። ከበላዩ ያለው የኔ እርሳስ ነው፣ ባዶ ነበር፣ ምንድን ነው አልኩት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣውና ልጇ ነው አለኝ። ዓሣ ደግሞ ልጅ አዝሎ ያውቃል ወይ ብዬ ተከራከርኩት። «ይኼኛው ዓሣ አይደለም፤ ጡት ያጠባል። እናቲቱ እንደ ወለደች ልጇን ከሥር ሆና ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ የመጀመሪያ ትንፋሹን ከውሃው በላይ እንዲስብ» አለኝ።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። መብራቱ አጠገብ ተቀምጬ የሞላኋቸውን ካሬዎች በላጲስ ፈቀፈቅሁ። ፈዘዙ እንጂ አልጠፉም፤ ወረቀቱም ሳሳ። ግን የት የት እንደ ነበሩ ዐውቃለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንዱን መስመር ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ እያደረግሁ በነጭ ሠራኋቸው። እናትሽ እያንዳንዷን ቀለበት አብራኝ ቆጠረች፤ በጣቷ ነው እንጂ በቃል አይደለም።

ትናንት አለቀ። ለካሁት፤ ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ነው። ለጠረጴዛ ያንሳል፣ ለትራስ ይበዛል። ምን ሊጠቀለልበት እንደ ታሰበ አልጠይቅሽም።

ጨርቁን በፖስታ አልልከውም። ዕቃ ይጠፋል፤ እናትሽም ከእጇ አትለቀውም። መጥተሽ ውሰጂው። ኅዳር ሳይጋመስ፣ ጾም ሳይገባ ይሁን። ብቻሽን እንዳትመጪ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዕቃ የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልጋል። ሩቅያ በጉን እሷ ቤት፣ በሷ ሰው እጅ ታሳርዳለች፤ ድስቱንም «ከቤቴ አመጣለሁ» ብላለች። እኔ ጎመኔን እበላለሁ። ጠረጴዛ ግን ያለን አንድ ነው፤ ሌላ አልሠራም።

እናትሽ አሁንም «ውሃ» ትላለች። ኩባያ ማቅረብ ትቻለሁ። ስትል በሩን ከፍቼ ወደ መንገዱ አብሬያት አያለሁ።

ሚካኤል መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ ሦስታችሁንም በክንፉ ይጋርዳችሁ።

አባትሽ