የወልደ ሩፋኤል ቃል ያለበት ሳጥን

ኅዳር 9፣ 2004

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ሩት ናት። አፉ የእኔ የአዳነ ነው። ሰው እንዲያነበው አይደለም፤ ቀኑ እንዳይጠፋኝ ነው።

ገብሱን አጭጄ፣ ከምሬ፣ ወገዳ ከተማ መጣሁ። ሩት ፎቶ ቤት ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሯ አልነሣም ብሎ አረፈደ። ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው ሰልችቶት ሄደ። "እንዲህ የሚለግም በሬ ቢሆን አርደው ነበር" አልኳት። ሳቀች። ይህንንም ጻፊ።

ኅዳር 17

የኮምፒውተሩ ሳጥን ድምፅ አመጣ። ቋ... ዝም... ቋ ቋ። ሩት ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች። ፊቷ ጠቆረ።

"አባባ፣ ሃርድ ዲስኩ ነው። ያለን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ሳይሞት ሌላ ላይ ልቅዳው።"

ያለን ሁሉ... የሷ ለሰው ያነሣችው የሠርግ ፎቶ ነው። የእኔ አንድ ነገር ነው፤ የወልደ ሩፋኤል ቃል። ልጄ አስቻለው የሱን ልጅ ተክሌን በወሰን ጠብ ገደለ። እስሩን ጨረሰ፤ አገር መግባት ግን ፈርቶ መተማ ቀረ። ወልደ ሩፋኤል አምና ታሞ ተኝቶ አስጠራኝ። "የልጄን ደም ትቻለሁ፤ አስቻለው ይግባ" አለ። ሽማግሌዎች እየሰሙ ሩት በካሜራ ቀረጸችው። በወሩ ሞተ። ሌላው ልጁ ይስማው ያኔ ሁመራ ነበር። አሁን ተመልሶ "ሽማግሌዎቹ በግህን በልተው ነው የሚመሰክሩ። የአባቴን አፍ አሳዩኝ" ይላል። በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት መጥቶ ሊያይ ነው።

አትቅጂ አልኳት። በመሬት ክርክር ስንት ዘመን ቆሜያለሁ። ቅጂ ይዞ የመጣ ሁሉ ተረትቶ ነው የሄደ። ዳኛው "ዋናውን አምጣ" ነው የሚለው። ይስማውም ሠርታችሁት ነው ይለኛል።

"አባባ፣ ይህ እንደ ወረቀት አይደለም።"

"አትቅጂ አልኩ።"

ኅዳር 18

ዛሬ ቋ አላለም። አላልኩሽም? አልኳት።

ኅዳር 27

አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን ልትወስድ መጣች። ፎቶው አልከፈትም አለ። ሲከፈትም ግማሹ ግራጫ... ከአንገት በታች የለችም። ከዚያ የኮምፒውተሩ መስታወት ሰማያዊ ሆነና ነጭ ጽሕፈት አመጣ። ምን ይላል? "ችግር አለ ይላል።" ችግር እንዳለማ እኔም አየሁ።

የወልደ ሩፋኤል ቃል ካሜራው ላይስ የለም ወይ? የለም። ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል።

አስቻለው ከመተማ ደወለ። "ልምጣ?" "ቆይ፣ ይስማው ቃሉን ይይና።"

ታኅሣሥ 5

አሳዪኝ አልኳት። ወልደ ሩፋኤል ብቅ አለ፤ ጋቢውን ተከናንቦ። አፉን ከፈተና... ቀረ። አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሳጥኑ ቋ ቋ ቋ።

እሺ፣ ቅጂው አልኳት።

አጥፍታ ልታስነሣው ሞከረች። አልተነሣም። ጭራሽ ድምፁም ጠፋ። እኔ ነኝ ያዘገየሁት... እሱን አትጻፊው አልኩ። እጇ አልቆመም።

ታኅሣሥ 11

ሩት ዲስኩን ፈትታ ደብረ ታቦር ወስዳው ተመለሰች። ኮምፒውተር ሠሪው "ውስጡ ተፍቋል" ብሏታል። አዲስ አበባ ይሞክሩት ይሆናል፣ እኔ ግን ተስፋ አልሰጥሽም አለ። በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችው። መዳፍ የምታህል ብረት።

ታኅሣሥ 18

ነገ ገብርኤል። ከነገ ወዲያ ይስማው ይመጣል። ጠፋ ስለው ያምነኛል? እኔ ብሆን አምን ነበር? አላምንም። ውሸታም ብዬ አባርረው ነበር።

ታኅሣሥ 20

አልጠበቅሁትም። ጎህ ሲቀድ ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ስደርስ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁ። ተክሌ የሞተ ጊዜ ድንጋዩን የተሸከሙልኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር።

ይስማው ወጣ። "ምን ሆነህ ነው?" አንተ አለኝ፣ በዚህ ሽበት።

"የአባትህን አፍ ላሳይህ ነበር። ሳጥኑ ሞተ።"

"ሲጀመርም አልነበረ።"

"ነበረ። ልጄ ልቅዳው ስትለኝ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ሠርታችሁት ነው ትለኛለህ ብዬ።"

"እል ነበር" አለ።

ትቶኝ ወደ አውድማው ሄደ። እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ፀሐይ ወጣ። መጨረሻ ላይ ተመልሶ መጣ።

"ያውርዱት፣ አያ አዳነ። ይህ የእርስዎ ሸክም አይደለም። ይቅር አላልኩም። አስቻለው ይምጣና እሱ ይሸከመው። ያኔ እናያለን።"

"ሲመጣ አትነካውም?"

"አልምልም።"

ማጅራቴ ተልጧል። አሁን ለአስቻለው ልንደውል ነው። ና ልበለው? ቅር ልበለው? አልመርጥለትም። ይስማው ያለውን ብቻ ነው የምነግረው። ካለው እንዳልጨምር፣ እንዳላጎድል... አንብቢልኝ፣ ሩት። አልምልም ያለውንም።