ፍሬን የሌላት ጭልፊት

ሰኞ

የእህቴ ልጅ ብርቱካን ሻዬ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ ነው የምትጨምርልኝ። አንድ! ገዳሪፍ ከተማ ራክሻዬን፣ ባለ ሦስት እግሯን ባጃጄን፣ አቁሜ እዚህ ባሱንዳ ድረስ የመጣሁት እንዲህ ለመጎሳቆል ነው? "አያ፣ ጥርስዎ ያልቃል" አለችኝ። "የቀረኝ ጥርስ ከስኳርሽም ያነሰ ነው" አልኳት። ሳቀች። ደግ ነው፤ ሰሞኑን ሳቅ ትታ ነበር።

ምክንያቱ ግሪሳ ነው። ማሽላው ወተት ይዟል፤ ወፉ ጠዋትና ማታ እንደ ደመና ይወርድበታል። ባሏ ለሥራ ከሰላ ሄዷል። መሬቱን የሰጧት ጎረቤታችን ሐጅ ዑስማን ናቸው፤ ዘንድሮ ምርት ካልወጣው ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብለዋታል። ያኔ ወደ ስደተኞች መጠለያው መመለሷ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ስትደበድብ ትውላለች። ወፎቹ ለምደውታል፤ እንደ ሠርግ ቤት ከበሮ እያዳመጡ ይበላሉ።

ማክሰኞ

ስልኬ ላይ ነጮች አሸዋ ላይ ቆመው ባለ ሁለት ገመድ ካይት፣ ያን በነፋስ የሚበር ጨርቅ፣ ሰማይ ላይ ሲያስጨፍሩ አይቼ ነበር። የቀኙ ገመድ ሲሳብ ወደ ቀኝ፣ የግራው ሲሳብ ወደ ግራ። ይህማ የራክሻ መሪ ነው! ሸንበቆ፣ ጥቁር ላስቲክ፣ የናይሎን ሲባጎ ፈለግሁና ክንፏን ዘርግታ የምትበር ጭልፊት ሠራሁ።

አምስት ጊዜ ተነሳች፣ አምስት ጊዜ በአፍንጫዋ ተተከለች። ቁልቁል ስትመጣ እጄ ይደርቃል፤ ቀኝ እግሬ ብቻ ፍሬን ፍለጋ መሬት ይረግጣል። በመጨረሻ ማሽላው መሀል ገብታ ስንቱን ራስ ቀነጠሰችው።

"አያ፣ ወፍ ሊያባርሩ ነው የመጡት ወይስ ሊያጭዱልኝ?"

"መድረሱን ላይልሽ ብዬ ነው" አልኳት። ግን አፍሬያለሁ።

ረቡዕ

ባዶ ሜዳ ላይ ስለማመድ ዋልኩ። የተማርኩት፦

ወደ ቀኝ ሁለቴ ከዞረች ወደ ግራም ሁለቴ ማዞር፤ አለዚያ ገመዱ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል።

ነፋስ ሲደክም ወደ ኋላ መራመድ።

ወደ ኋላ ከመራመድ በፊት አህያ አለመኖሩን ማየት። ይህን ያስተማረችኝ አህያዋ ራሷ ናት።

ብርቱካን ጭኔን በቅባት አሸችልኝ። ስኳሩ ግን ያው አንድ።

ሐሙስ

ተመስገን!

ጠዋት ግሪሳው ሲወርድ ጭልፊቷን ከማሽላው በላይ አግድም አስኬድኳት። ማሳው ጫፍ ስትደርስ አፍንጫዋን ቀና አደረግሁ፤ ያ ሞኝ እግሬ ደግሞ በልማዱ ፍሬን ሊረግጥ ወደ ፊት ዘለለ። ገመዱ ላላ። አየር ላይ ቆመች! ክንፏን ዘርግታ፣ ቀጥ። ወፉ በሙሉ ግር ብሎ ተነሳ። ብርቱካን ቆርቆሮዋን ጥላ "ሚያ ሚያ፣ አያ! ሚያ ሚያ!" እያለች ዘለለች፤ በዓረብኛው መቶ በመቶ ማለቷ ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ራክሻ ስነዳ ፍሬን መርገጤ ለካ ለዚህ ኖሯል።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። ወፎቹ ሄደው ያረፉት ሐጅ ዑስማን ማሳ ላይ ነው። ሐጁ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከሩቅ ሲያዩኝ ነበር። ሰላም ብላቸው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ዓርብ

ዛሬ ወፎቹ ሁለት ጊዜ መጡ፣ ሁለት ጊዜ ሸኘናቸው። አንዱን ብርቱካን ራሷ ገመዱን ይዛ ነው። ከእኔ ትበልጣለች፤ አልነገርኳትም። ፍሬው መጠንከር ጀምሯል፤ ጥቂት ቀን ከታገስን ምርቱ የእሷ ነው።

"አያ፣ እርስዎ ባይመጡ ኖሮ..." ብላ ሳትጨርሰው ሻዬን አቀበለችኝ። ሻዩን ስቀምሰው አራት ማንኪያ አለበት።

ይህን ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ብርቱካን በቀዳዳ አየች። "ሐጁ ናቸው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ "ዱላ ይዘዋል። ሁለት።"

"ወፍራም ነው?"

እንደገና አጎንብሳ አየች። "ቀጭን ነው... አያ፣ ሸንበቆ ነው! ብብታቸው ሥር ደግሞ ጥቁር ላስቲክ ጠቅልለዋል።"

ክፈቺላቸው፣ ልጄ። ሻይም ጣጂ። ለሐጁ አምስት ማንኪያ።