ደህናውን ስልክሽን ጣለው ሲሉኝ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ስትነዘንዥኝ የኖርሽበትን ግድግዳ አስመርጌዋለሁ፤ አንቺ ሳትኖሪ መሥራቴ ሳያስቅሽ አይቀርም። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ተናድጄ ነው።

በስልክሽ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እኔው ይዤዋለሁ። በቀደም የልጃችን መልእክት የሚመጣበት ነገር አልከፈት አለኝና ደብረ ማርቆስ ሄጄ ለስልክ ጠጋኙ አሳየሁት። ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «አባት፣ ሠሪዎቹ ይህን ስልክ ማደሱን ትተውታል፤ ይጣሉትና አዲስ ይግዙ» አለኝ። መስታወቱ አልተሰነጠቀ፣ ባትሪው እስከ ማታ ይቆያል፣ ምኑ ነው የሚጣለው? አንቺን እንኳ የቀበርኩሽ ትንፋሽሽ ቆሞ ነው። በሬ የሸጠልኝ ሰው ከዓመታት በኋላ መጥቶ «ከእንግዲህ እንዳታርስበት» ቢለኝ ዱላዬን አነሳ ነበር። እነዚህን የት አገኛቸዋለሁ?

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጃችን ትዕግስት ለእረፍት መጥታ ሰማችኝ። የድሮውን ሲስተም አጥፍቶ በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን ሌላ መጫን ይቻላል አለች። ስልኩ ግን መቆለፊያ አለው፤ ለመክፈት ሠሪዎቹን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የቤቴን ቁልፍ አናጢው ይዞት ሄዷል ማለት ነው። ደግሞ ሲከፈት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ስትለኝ ስልኩን ነጠቅኋት።

ድምፅሽ እኮ ነው ውስጡ ያለው። ሰንበቴ ላይ ስቆይ ቀድተሽ የላክሽብኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ጠላው እስኪያልቅ ነው የምትጠብቅ? ላሞቹ ደጅ ናቸው።»

ትዕግስት ድምፅሽን አስቀድማ ወደ ኮምፒውተሯ ገለበጠችው። ከዚያው አሰምታኝ ነው ስልኩን የለቀቅሁላት። መጫን ስትጀምር ስልኩ ጥቁር ብሎ ቀረ። እኔም ሳላስበው ጋቢዬን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን አስካለ እሳት ልትጭር ገብታ ይህን ስታይ፣ ማን እንደ ሞተ እንኳ ሳትጠይቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታለቅስ ጀመር። ትዕግስት ነገሩን ብትነግራት፣ «ለስልክ ነው ያስለቀሳችሁኝ?» ብላ ከእሳቱም ከእኛም ተኳርፋ ወጣች።

ስልኩ ግን ነቃ። የልጃችንም መልእክት ገባ። ያቺ ተንኮለኛ ትዕግስት ድምፅሽን የስልኩ መጥሪያ አድርጋው ኖሯል። ባለፈው እሑድ ሰንበቴ ላይ ጮኸ፤ «አንተ ሰውዬ» ስትዪ ማኅበርተኛው ሁሉ ዋንጫውን አስቀመጠ። ቄሱ ዞረው አዩኝና፣ «ተነሣ እንጂ፣ እየጠራችህ ነው» አሉኝ።

ላሞቹን አስገብቼ ነበር የሄድኩት። ቢሆንም ተነሣሁ። ሠሪዎቹ ያሻቸውን ይበሉ፣ የሺዬ፤ በጠራሽኝ ቁጥር እነሣለሁ።

የአንቺው ሰውዬ