በጓሮ በር ለወጣው ባሌ

ውድ ሌስ፣

ከተቀበርክ ሦስተኛ ሳምንትህ ነው፤ እኔም እስካሁን ከጫማህ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። ምድጃው አጠገብ እንዳስቀመጥከው ተገትሮ አላፊ አግዳሚውን ያደናቅፋል። ልጅህ ሞሪን «እማዬ፣ ለምን ለችግረኛ አንሰጠውም?» ትለኛለች። አልሰጥም። ስናደድ በእርግጫ የምለው ነገር ያስፈልገኛል፤ አንተ እንደሆነ የለህም።

ናፍቀኸኝ ነው የምጽፍልህ ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ናፍቀኸኛል። ግን ንዴቱ ይብሳል። በሕይወት ሳለህ ስቆጣ ጋዜጣህን ከፍ አድርገህ ፊትህን ትሸፍን ነበር። አሁን ጋዜጣ የለህም፤ እያንዳንዷን ቃል ትሰማኛለህ።

ከቀብርህ ልጀምር። ሰዉ ከመቃብር መልስ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገባ፤ ሻይና ሳንድዊች ቀረበ። በአንድ አውሮፕላን ከበረራችሁት ሰባታችሁ ዛሬ ቆሞ የሚሄደው አብራሪያችሁ ክሊፍ ብቻ ነው፤ እሱም በከዘራ። ሜዳልያዎቹን ደርድሮ፣ ቢራውን ይዞ፣ ፎቶህ ፊት ቆመና ብርጭቆውን አነሳ። «በቃ ሌስ» አለ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፤ «በስተመጨረሻ ገፋችህ አይደል!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ። ትሪ ይዤ ምን ላድርግ? ሰባ ዘጠኝ ዓመት ኖረህ፣ ሳንባህን በሲጋራ ጨርሰህ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ውሃ ልቀዳልህ ዞር ባልኩበት ነው የሄድከው። ይኼም በእኔ ተላከከ!

ወደ ቤት ስንመለስ ሞሪን መኪናውን እየነዳች «ሰውዬው ገፋችው ያለው ምን ማለቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን አልነገርካትም። እኔም አልነገርኳት። ያን ታሪክ ሁልጊዜ የሚያወራው ክሊፍ ነበር፣ ቢራ ቤት፣ በራሱ መንገድ። እስቲ አንድ ጊዜ እኔ ላውራው።

ያኔ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የስኬልቢ አየር ማረፊያ ሾፌር ነበርኩ። ማታ ማታ ጀርመን ሄደው ቦምብ የሚጥሉትን ልጆች በካሚዮን ጭኜ ላንካስተር የሚባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ድረስ የማደርሰው እኔ ነኝ። ግሌን የሚባል ካናዳዊ አንድ ምሽት ሲኒማ ጋበዘኝ። ፊልሙ ሳይጋመስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ በዚያው ሳምንት ከሃምቡርግ ሳይመለስ ቀረ። ስታን አብሮኝ ደነሰ፤ እግሬን ረጋግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱም ቀረ። ከዚያ አርቺ። አርቺን ወድጄው ነበር፤ ይህን ታውቃለህ፣ ደብቄህ አላውቅም። አርቺ ባሕር ላይ ሲወድቅ ስሙ ወጣልኝ፤ ገፊ። እኔን ይዞ የወጣ ሁሉ አይመለስም ተባለ። በየምሽቱ ስንት አውሮፕላን ሙሉ ልጆች እንደሚያልቁ እያዩ፣ ለእነዚህ ሦስቱ ጀርመኖቹ አልበቁ ብለው እኔ ተጨመርኩ።

ልጆቹ ካሚዮኔ ላይ አንወጣም አሉ። ያንን ሁሉ የበረራ ልብስና ፓራሹት ተሸክመው በዝናብ በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። አለቃዬ የነበረችው ሳጅን ጠርታኝ «ኢኒድ፣ እኔ አንቺ ላይ ምንም የለኝም» አለችኝ። «ግን ልጆቹን ማን ያሳምናቸው? ድንች መላጥ ትችያለሽ?»

«እኔ የምችለው መንዳት ነው።»

«ድንቹንም ትለምጂዋለሽ።»

ለመድኩት። ያልለመድኩት ሌላውን ነው። አመሻሽ ላይ አውሮፕላኖቹ ሲነሱ የካምፑ ሴቶች ማኮብኮቢያው ጫፍ ተሰልፈው እጃቸውን እያውለበለቡ ይሸኙ ነበር። ብርድም ሆነ ዝናብ አንዷም አትቀርም፤ ያልተሸኘ አይመለስም የሚባል ነገር ነበራ! እኔ ብቻ እዚያ ድርሽ እንዳልል ተከለከልኩ። የሌሎቹ እጅ መልሶ ያመጣል፣ የእኔ እጅ ይገድላል። ሃያ ዓመቴ ነበር ሌስ።

ከዚያ አንተ መጣህ። በወጥ ቤቱ በር አንገትህን አስግገህ «ያቺ ገፊ አንቺ ነሽ?» አልከኝ።

«አዎ፤ ምን ፈለግክ?»

«የተጠበሰ ዳቦ። እሱ ከሌለ አብረሽኝ ሲኒማ ግቢ።»

«አብሮኝ የገባ የት እንደደረሰ አልሰማህም?»

«እኔ እኮ የጭራ ተኳሽ ነኝ፤ የምቀመጠው አውሮፕላኑ ጭራ ላይ ነው። ሞት ከፊት ጀምሮ ሲለቅም እኔ ጋ ሳይደርስ ይነጋበታል።»

ውሸታም! የጭራ ተኳሾች ቀድመው እንደሚያልቁ ድንች ላጭዋም ታውቃለች። ግን አሳቅከኝ። አርቺ ከሞተ ጀምሮ ያሳቀኝ ሰው አልነበረም። ዳቦውንም ጠብሼ ሰጠሁህ፤ ሲኒማውንም አብሬህ ገባሁ፤ አንተም ሳትተኛ ፊልሙን ጨረስክ።

ሁለተኛው ወር ላይ ግን ያን ነገር ለመንከኝ። ፊቴን ሳታይ፣ ቆብህን በእጅህ እያዞርክ። «ኢኒድ፣ የታዘዝኩትን ሠላሳ በረራ እስክጨርስ ድረስ፣ ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢያሳልፉሽ እንኳን ማኮብኮቢያው ጋ እንዳትመጪ። እኔ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነው የምቀመጠው። ሌሎቹ ከፊት ያለውን ያያሉ፤ እኔ የማየው የሚሸኘኝን ነው። አንቺን ካየሁሽ እጄ መትረየሱ ላይ ይንቀጠቀጣል።»

ፍቅር መሰለኝ። እኔን ጥሎ መሄድ ከብዶት ነው ብዬ ልቤ ቀለጠ። በየምሽቱ ሞተሮቹ ሲነሱ እኔ የድንቹ መጋዘን ውስጥ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቀመጥ ነበር። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም አብሬው። ሠላሳውንም በረራ ጨረስክ፤ ተጋባን፤ ግሪምዝቢ ከተማ ገባን፤ አንተም የዓሣ መኪና ሾፌር ሆንክ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ጫማህን በሰላም እሰጥልህ ነበር።

በየዓመቱ የቀድሞዎቹ በራሪዎች ሲገናኙ ክሊፍ ሁለት ቢራ ከጠጣ በኋላ ይነሳል። «ክቡራንና ክቡራት፣ ገፊዋን አግብቶ የተረፈ ብቸኛው የአየር ኃይል ሰው!» አንተም ብድግ ብለህ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ እጅ ትነሳ ነበር። ጭብጨባ። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ የጨው ዕቃውን አሽከረክራለሁ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሜ «ለምን አንድ ቀን ዝም በል አትለውም?» ብዬ ጠየቅኩህ።

«ቀልድ ነው ኢኒድ። ቀልድ አታውቂም እንዴ?»

«የሞቱት ልጆች ቀልድ ናቸው?»

«ንጂ እባክሽ፤ በርዶኛል።»

ነዳሁ። ሁልጊዜም እነዳ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ክሊፍ ስልክ ደወለ። አንድ ሰውዬ እርሻው ውስጥ አንድ አሮጌ ላንካስተር ለብዙ ዓመታት ሲጠጋግን ኖሮ አራቱንም ሞተሮች አስነስቷል። መብረር አይችልም፤ ሣሩ ላይ ብቻ እየተንደረደረ ይዞራል። ቅዳሜ ክሊፍን አሳፍሮ ሊያዞረው ነው። «ሌስ ቢኖር እንዴት ደስ ባለው» አለኝ። «አንቺ ነይ። ሞሪንንም ይዘሻት ነይ።» ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና ቀጠለ፤ «ብቻ ኢኒድዬ፣ እንዳትቀየሚኝ... እኛ ስንዞር ሻይ ቤቱ ውስጥ ብትጠብቂን ምን ይመስልሻል? ጥሩ የሎሚ ኬክ አላቸው።»

«ክሊፍ፣ አውሮፕላኑ እኮ አይነሳም።»

«አውቃለሁ።»

«መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ትራክተር ማለት ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ሞተሮቹ ግን አራቱም ይሠራሉ» አለኝ።

ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው! ባለ ሜዳልያ! ያፈነው ሁሉ በአፌ ወጣ። ያላልኩት የለም። ስጨርስ «እኔን ብቻ አትስደቢኝ» አለ። «ሌስም እኮ እንደዚሁ ነበር።»

«ሌስ ምን ነበር?»

«አታውቂም እንዴ? ራሱ ነው የነገረኝ። ጀርባሽን ስትሰጪ ጠብቆ ነው ከቤት የሚወጣው። በጓሮ በር። እየሸኘሽው ወጥቶ አያውቅም።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ምድጃው ፊት ቆምኩ፤ ጠዋት ጠዋት የምቆምበት ቦታ። ጀርባዬ ወደ ጓሮው በር ነው። ማንቆርቆሪያውን ለማንሳት ዞር ስል ሁልጊዜ ያቺ በር ቀጭ ትል ነበር። ስዞር የለህም። እናቴ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር «ይኼ ባልሽ ደህና ዋይ ማለት እንኳን አልተማረም እንዴ?» ይሉ ነበር፤ እኔም አፍሬ አስተባብልልሃለሁ። ሞሪንን የወለድኩ ዕለት እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጠብቀህ ወጣህ። ስንቴ ተጣላን በዚህ! ስንቴ «በወግ ተሰናበተኝ፣ ሰው ነኝ» አልኩህ! አንተ ደግሞ «ማታ ለምመለሰው የምን ስንብት ነው?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ባለጌ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሌላው ባል ይጠጣል፤ የእኔ አይሰናበትም ብዬ።

ለካ ትፈራኝ ነበር።

ቢራ ቤት እጅ እየነሳህ የምታስቅበትን ነገር አንተው ራስህ ታምንበት ነበር። ፎቶህን ከግድግዳው ላይ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማታ አወጣሁት። ጠዋት መልሼ ከተትኩት። ከፈራኸኝ ለምን አገባኸኝ? ካገባኸኝስ ለምን ፈራኸኝ? የመጀመሪያው ጥያቄ አንዳንዴ ልቤን ያሞቀዋል፤ ሞቴ ናት ብሎ እያመነ የመጣ ሌላ ማን አለኝ እላለሁ። ሁለተኛው ደግሞ ወዲያው ያቃጥለኛል። ወዲህ ወዲያ ስል ቅዳሜ ደረሰ።

ሄድኩ። ሞሪንን ሳልጠብቅ ራሴ ነድቼ። የሻይ ቤቱን በር በኩራት አልፌ ሣሩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ሲነሱ ያ የድንች መጋዘን ግድግዳ እንደገና ፊት ለፊቴ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ክሊፍ በአብራሪው መስኮት አየኝ። ፊቱ ምን እንደሆነ ብታይ! እጁን ወደ ሻይ ቤቱ እያመለከተ ምልክት ሰጠኝ። እኔ እቴ! አውሮፕላኑ ዞረና ጭራውን ሰጠኝ። ያንተ ቦታ፣ የጭራ ተኳሹ መስታወት፣ ፊት ለፊቴ መጣ፤ ውስጡ ማንም የለም። ቀኝ እጄን አንስቼ አውለበለብኩ። ትከሻዬ እስኪዝል፣ ሰዎቹ እስኪያዩኝ፣ መስታወቱ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን። ያኔ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ያላውለበለብኩትን ሁሉ አውለበለብኩት።

ዞረው ተመለሱ። ክሊፍን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዱት። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ሞትክ?» አልኩት።

«ገና ነኝ መሰለኝ።»

«እንግዲያው ያን ቀልድ ሁለተኛ እንዳልሰማው።»

ኮፍያውን አወለቀ። «ቀልድ ሆኖ አያውቅም ኢኒድ» አለኝ። «ፈርተን ነው። በየምሽቱ የምንፈራው ነገር ስም አልነበረውም፤ ያንቺን ስም ሰጠነው።» ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሰ። መሐረብ ሰጠሁት፤ ይቅርታ ግን አልሰጠሁትም። ሻይ ቤቱ ገብተን የሎሚ ኬኩን በላን፤ ደረቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፣ እሱን ነግሬህ ልጨርስ። ሆስፒታል፣ በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ ነበር። ዓይንህ ዓይኔ ላይ ነው። እጅህን ከብርድ ልብሱ አወጣህና ቀስ አድርገህ ወዲያና ወዲህ አወዛወዝከው። እኔ ውሃ የጠማህ መሰለኝ። ልቀዳልህ ዞር አልኩ፤ ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ የለህም።

ውሃ አልነበረም አይደል? ተሰናብተኸኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ስለምንህ የኖርኩትን ሰጠኸኝ፤ እኔ ደግሞ፣ ከዚያ ሁሉ ጠዋት በኋላ፣ ጀርባዬን ሰጠሁህ። እንዲህ ነው ያስለመድከኝ። በዚህ ስናደድብህ እኖራለሁ፤ ስወድህም እኖራለሁ፤ ሁለቱንም መከልከል አትችልም።

ትናንት የጓሮውን በር በሚስማር አስመታሁት። ሞሪን ሌባ ፈርቼ መስሏታል። ጫማህን አንስቼ የፊት ለፊቱ በር አጠገብ፣ ወደ ውጭ አዙሬ አስቀምጬዋለሁ። እኔም ቀኔ ሲደርስ በዚያው በር ነው የምወጣው። ጠብቀኝ። ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ ቁም፤ ከሩቅ ጀምሬ እጄን እያውለበለብኩ እመጣለሁ፣ አንተም ትመልስልኛለህ።

ሚስትህ፣
ኢኒድ